የደጋ ሕንፃና የነዋሪው ደኅንነት

ሕንፃ የሚሠራው ሰውን ከዝናብ፣ ከብርድና ከፀሐይ ለመከለል ብቻ አይደለም። በውስጡ የሚኖረው፣ የሚማረው ወይም የሚሠራው ሰው ቀኑን በምን ዓይነት አካልና በምን ዓይነት መንፈስ እንደሚያሳልፍ በአመዛኙ የሚወስኑት የግድግዳው ውፍረት፣ የመስኮቱ አቅጣጫ፣ የጣሪያው ዓይነትና የክፍሎቹ አቀማመጥ ናቸው። የዚህ ንግግር ርእስም የሕንፃ ጌጥ ሳይሆን የነዋሪው ደኅንነት ነው፤ ደኅንነት ሲባልም የአካል ጤናን፣ የአእምሮ ዕረፍትንና ከሌላው ሰው ጋር ተግባብቶ የመኖርን ዕድል በአንድነት ያመለክታል። ጉዳዩ ብዙ ጊዜ የባለጸጎች ቅንጦት ተደርጎ ስለሚታይ፣ መንግሥትም ሆነ ግለሰብ ሕንፃ ሲያሠራ በመጀመሪያ ስለ ወጪው፣ ቀጥሎ ስለ ፎቁ ብዛት፣ በመጨረሻም ስለ ፊት ለፊቱ ማማር ይነጋገራል እንጂ ስለ ተጠቃሚው ውሎ ሲነጋገር እምብዛም አይታይም። ይሁን እንጂ ለደኅንነት የሚበጁት ውሳኔዎች አብዛኞቹ መሠረት ከመቆፈሩ በፊት ከተወሰዱ ተጨማሪ ወጪ የማይጠይቁ ወይም ጥቂት ብቻ የሚጠይቁ ናቸው፤ ግድግዳው ከቆመ በኋላ ግን ማስተካከያቸው ውድ፣ አንዳንዴም ፈጽሞ የማይቻል ይሆናል።

የሕንፃ ተጽዕኖ በጥናት ሲታይ

ሕንፃ በሰው ጤና ላይ የሚያሳድረው ተጽዕኖ በግምት ብቻ የሚነገር አይደለም። ሮጀር ኡልሪክ የተባለው ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1984 «ሳይንስ» በተሰኘው መጽሔት ባሳተመው ጥናት፣ በአሜሪካ በፔንስልቬንያ ግዛት በሚገኝ አንድ ሆስፒታል የሐሞት ከረጢት ቀዶ ሕክምና የተደረገላቸውን የ46 ሕሙማን መዝገብ መርምሯል። ከሕሙማኑ እኩሌቶቹ የተኙባቸው ክፍሎች መስኮት ዛፎችን ያሳይ ነበር፤ የቀሩት 23ቱ ደግሞ ከመስኮታቸው ውጭ የሚያዩት የጡብ ግድግዳ ብቻ ነበር። ሕክምናው አንድ ዓይነት ሆኖ ሳለ ዛፍ የሚያዩት ሕሙማን ከቀዶ ሕክምናው በኋላ በአማካይ 7.96 ቀን፣ ግድግዳ የሚያዩት ግን 8.70 ቀን በሆስፒታሉ የቆዩ ሲሆን፣ የመጀመሪያዎቹ የወሰዱት ብርቱ የሕመም ማስታገሻም አነስተኛ ነበር። የሕሙማኑ ቁጥር ጥቂት ቢሆንም ጥናቱ አንድ ትልቅ ጥያቄ አስነሥቷል፤ ይኸውም መስኮት ወዴት እንደሚከፈት የሚወስን መሐንዲስ ሳያስበው የሕክምናው ተካፋይ ሊሆን መቻሉ ነው።

ከዚያ ግማሽ ምእት ዓመት ቀደም ብሎ የፊንላንዱ አርክቴክት አልቫር አልቶ ይህንኑ ሐሳብ በሥራ አሳይቶት ነበር። አልቶ እ.ኤ.አ. በ1933 ለአገልግሎት የበቃውን የፓይሚዮ የሳንባ ነቀርሳ ሆስፒታል ሲነድፍ የተነሣው በእግሩ ከቆመ ጤነኛ ሳይሆን ቀኑን ሙሉ በጀርባው ተኝቶ ከሚውል ሕመምተኛ ነው። በዚህም ምክንያት ኮርኒሱ ዓይን በማያደክም ቀለም ተቀባ፤ መብራቱ ከተኛው ሰው የዓይን አቅጣጫ ወጥቶ ተተከለ፤ የእጅ መታጠቢያው ገንዳም ውሃ ሲወርድበት ድምፅ እንዳያሰማና በክፍሉ የተኛውን ሌላ ሕመምተኛ እንዳይረብሽ ሆኖ ተቀረጸ። ከዚህ የሚገኘው ትምህርት ንድፍ መጀመር ያለበት ሰውየው በክፍሉ ውስጥ ምን ሲያደርግ፣ እንዴት ተቀምጦ ወይም ተኝቶ፣ ምን እያየና ምን እየሰማ እንደሚውል ከማወቅ መሆኑ ነው።

የምድሩና የፀሐይዋ ጠባይ

የሰውየው ውሎ ከታወቀ በኋላ የሚቀጥለው የቦታው ጠባይ ነው። ለምሳሌ በጎጃም የምትገኘው ደብረ ማርቆስ ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር በሚያህል ከፍታ ላይ ትገኛለች፤ ከከተማዋ በስተሰሜን ያለው የጮቄ ተራራ ደግሞ ከ4,000 ሜትር ያልፋል። በዚህ ከፍታ አየሩ ስስ ስለሆነ ቀን ፀሐይዋ ትበረታለች፤ ሌሊት ሰማዩ ሲጠራ ደግሞ ምድሩ ቀን የያዘውን ሙቀት ቶሎ ይለቃል። ስለዚህ በኅዳር፣ በታኅሣሥና በጥር ቀኑ እያቃጠለ ሌሊቱ ጋቢ ያስደርባል፤ ከፍ ባሉት ቀበሌዎችም ውርጭ ይጥላል። ከሰኔ እስከ መስከረም ደግሞ ዝናብ፣ ጉምና እርጥበት ይሰነብታሉ። በመሆኑም የደጋ ሕንፃ ዋና ተግባሩ የሌሊትን ብርድና የክረምትን እርጥበት መከላከል ነው፤ ለቆላ ከተማ የተነደፈ ወይም ከሩቅ አገር ሥዕል የተቀዳ ዕቅድ ለዚህ አይበጅም።

ፀሐይዋ የምትሰጠው ትምህርትም ግልጽ ነው። ደብረ ማርቆስ ከምድር ወገብ በስተሰሜን 10 ዲግሪ ከ20 ደቂቃ ገደማ ላይ ስለምትገኝ፣ በታኅሣሥ አጋማሽ የቀትር ፀሐይ ወደ ደቡብ አዘንብላ ከአድማስ 56 ዲግሪ ያህል ከፍ ብላ ትታያለች፤ በሰኔ አጋማሽ ደግሞ ወደ ሰሜን አዘንብላ 77 ዲግሪ ያህል ከፍታ ትይዛለች። ይህም ማለት ብርድ በሚጸናባቸው ወራት በነጻ ሙቀት የሚያስገባው የደቡብ መስኮት ነው። ስለዚህ ቦታው የሚፈቅድ ከሆነ የሕንፃው ረጅም ጎኖች ወደ ደቡብና ወደ ሰሜን፣ አጫጭር ጎኖቹ ወደ ምሥራቅና ወደ ምዕራብ እንዲመለከቱ ማድረግ ይመረጣል። የምሥራቅ መስኮት ከብርዳም ሌሊት በኋላ የጧት ፀሐይን ስለሚያስገባ ለመኝታ ክፍልና ለመማሪያ ክፍል ይስማማል፤ የምዕራብ መስኮት ግን ከቀትር በኋላ ዝቅ ያለችው ፀሐይ በቀጥታ ገብታ በጠረጴዛና በሰሌዳ ላይ ዓይን የሚወጋ ነጸብራቅ ስለምትፈጥርበት ጠበብ ቢል ይሻላል።

የጣሪያው ክፈፍም ከዚህ ስሌት ጋር አብሮ ይታሰባል። 60 ሳንቲ ሜትር የወጣ ክፈፍ በታኅሣሥ ቀትር በደቡብ ግድግዳ ላይ የሚጥለው ጥላ 90 ሳንቲ ሜትር ያህል ይወርዳል፤ ስለሆነም መስኮቱ ከክፈፉ ሥር ተጠግቶ ከተሠራ ክፍሉ ፀሐይ እጅግ በሚያስፈልገው ወቅት ጥላ ውስጥ ይውላል። በሌላ በኩል ክፈፉ ካጠረ የክረምቱ ዝናብ የጭቃውን ምርግ ያጥበዋል። ሁለቱን ለማስታረቅ ክፈፉን ሳያሳጥሩ መስኮቱን ዝቅ ማድረግ ይቻላል፤ ይህም በወረቀት ላይ አንድ መስመር ከማንቀሳቀስ ያለፈ ድካም የለውም።

የጭቃ ቤት ብልሃትና ጉድለት

የደጋው ገበሬ ብርድን የመከላከልን ጥበብ በቁጥር ባያሰላውም በልምድ ያውቀው ነበር። በእንጨትና በማገር ቆሞ፣ ከጤፍ ጭድ ጋር በተቦካ ጭቃ ተመርጎ፣ በሣር የሚከደነው ቤት ሁለት ትልልቅ ጥቅሞች አሉት። የመጀመሪያው ወፍራሙ ጭቃ ቀን ቀስ ብሎ የሚሞቅና ሌሊት ቀስ ብሎ የሚቀዘቅዝ መሆኑ ነው፤ የሕንፃ ባለሙያዎች ይህን ሙቀት የማቆር ዐቅም ይሉታል። ሁለተኛው የሣር ክዳኑ በሰንበሌጦቹ መካከል ብዙ አየር ስለሚይዝ ሙቀት በጣሪያው በኩል በቀላሉ እንዳይወጣ መከልከሉ ነው፤ ይህም ሙቀት መከለል ይባላል። በዚህ ላይ ሣር የዝናብን ድምፅ ይውጣል፤ ጭቃም በአካባቢው ስለሚገኝና በወንፈል ስለሚሠራ ቤት መሥራት የጉርብትና ሥራ ሆኖ ይኖር ነበር።

ነገር ግን ያለፈውን ሁሉ ማወደስ ትክክል አይሆንም። የጭቃው ቤት አብዛኛውን ጊዜ መስኮት ስለሌለው ወይም እጅግ ጠባብ መስኮት ስላለው ውስጡ ጨለማ ነው፤ ከብት ከሰው ጋር በአንድ ጣሪያ ሥር ሲያድር ቁንጫና ሽታው ነዋሪውን ያውካሉ፤ ከሁሉ የከፋው ግን ጢስ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት በቤት ውስጥ የአየር ብክለት ምክንያት እ.ኤ.አ. በ2020 በዓለም ላይ 3.2 ሚሊዮን ያህል ሰዎች እንደሞቱ ይገምታል፤ የዚህም ብክለት ዋና ምንጭ በእንጨት፣ በኩበትና በከሰል ማብሰል ሲሆን ጉዳቱ የሚበረታው እንጀራ በሚጋግሩት ሴቶችና በአጠገባቸው በሚውሉት ሕፃናት ላይ ነው። ከሲሚንቶ የሚሠራውና እሳቱን ዙሪያውን የሚዘጋው ምርጥ ምድጃ ከሦስት ጉልቻ ጋር ሲነጻጸር ማገዶውን እስከ ግማሽ ይቀንሳል፤ ሆኖም ማድ ቤቱ የጢስ መውጫና ፊት ለፊት የሚተያዩ ክፍት ቦታዎች ከሌሉት ምድጃው ብቻውን አይበቃም። በዚህም የተነሣ ማድ ቤት ከዕቅዱ የመጨረሻ ጥግ ላይ የሚለጠፍ ትርፍ ክፍል መሆኑ ቀርቶ ቀድሞ የሚታሰብ የሥራ ቦታ መሆን ይገባዋል፤ እናቶች ቀናቸውን የሚገፉበት እርሱ ነውና።

በብርድ ወቅት በተዘጋ ክፍል ውስጥ ከሰል ማንደድ ደግሞ ከጢስም የከፋ አደጋ አለው። ሳይሟላ የተቃጠለ ከሰል የሚያወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ቀለምም ሽታም የሌለው ጋዝ ሲሆን፣ በደም ውስጥ የኦክስጅንን ቦታ በመያዝ ሰውን በእንቅልፍ ላይ ይገድላል። በደጋ የአየሩ ኦክስጅን በባሕር ዳርቻ ካለው በሩብ ያህል ስለሚያንስ አደጋው ይበልጥ ይጸናል። ስለዚህ ክፍል በደቡብ ፀሐይና በወፍራም ግድግዳ እንዲሞቅ ማድረግ የምቾት ጉዳይ ብቻ ሳይሆን ሕይወት የማዳን ጉዳይም ነው።

ቆርቆሮና መስታወት

የሣር ክዳን እየቀረ ሲሄድ ቆርቆሮ ቦታውን ወሰደ። ቆርቆሮ ዘላቂና ከእሳት የሚጠብቅ፣ የዝናብ ውሃም ለማጠራቀም የሚያመች ቢሆንም፣ ስስ ብረት ስለሆነ ቀን እንደ ምጣድ ይግላል፤ ሌሊት ደግሞ ቶሎ ይቀዘቅዝና የክፍሉ እንፋሎት በታችኛው ገጹ ላይ ወደ ውሃነት ተለውጦ ይንጠባጠባል። በክረምት ዝናብ፣ በተለይም በረዶ በቀላቀለበት ጊዜ፣ ድምፁ መምህርና ተማሪን ስለማያሰማማ ትምህርት እስኪያባራ ድረስ ይቋረጣል። ለዚህ ሁሉ መድኃኒቱ ከቆርቆሮው ሥር የአየር ክፍተት ትቶ ኮርኒስ መሥራት ነው፤ በኮርኒሱ ላይ ጭድ የተቀላቀለበት ጭቃ ቢጣልበት ሙቀትንም ድምፅንም ይከላል፤ ክብደቱን የሚሸከም እንጨት ግን አስቀድሞ መታሰብ አለበት።

የቡርኪና ፋሶው ተወላጅ አርክቴክት ዲኤቤዶ ፍራንሲስ ኬሬ በትውልድ መንደሩ በጋንዶ እ.ኤ.አ. በ2001 የተጠናቀቀውን የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የሠራው በዚህ መርሕ ነው። ግድግዳውን ከመንደሩ ሰዎች ጋር ከአካባቢው ሸክላ አፈር ገንብቶ፣ የቆርቆሮውን ጣሪያ ከሸክላው ኮርኒስ አርቆ በብረት ላይ ስላነሣው በመካከሉ የሚያልፈው ነፋስ ሙቀቱን ጠርጎ ይወስዳል። ኬሬ እ.ኤ.አ. በ2022 የሥነ ሕንፃ ከፍተኛ ሽልማት የሆነውን ፕሪትዝከርን ሲያገኝ ሽልማቱን የተቀበለ የመጀመሪያው አፍሪካዊ ሆኗል። ጋንዶ ቆላ፣ ጎጃም ግን ደጋ ስለሆነ የኬሬ ጣሪያ እንዳለ ቢቀዳ ክፍሉን ያበርደዋል፤ የሚቀዳው ቆርቆሮውን ከሰው የመለየቱ ሐሳብ ነው፤ በደጋ ነፋሱ ማለፊያ በብርድ ጊዜ የሚዘጋ መሆን አለበት።

በከተሞች እየተለመደ የመጣው ፊቱ በሙሉ መስታወት የሆነ ሕንፃም በዚሁ ሚዛን ይመዘናል። መስታወት የፀሐይን ጨረር ያስገባል፤ ከውስጥ የሚመለሰውን ሙቀት ግን ይይዘዋል፤ ስለዚህ በስተምዕራብ የተቀመጠው ሠራተኛ ከቀትር በኋላ ሲያልበው፣ በስተሰሜን የተቀመጠው ጓደኛው ጃኬቱን ሳያወልቅ ይውላል። አብዛኛው መስታወት የማይከፈት ሲሆን ደግሞ አየር አይለዋወጥም። መስታወቱ ከተማን ዘመናዊ ቢያስመስልም ብርሃን ወደ ክፍል የሚገባው በልክ ነው፤ የተለመደው የባለሙያዎች መለኪያ የቀን ብርሃን በበቂ ሁኔታ የሚዘልቀው የመስኮቱ አናት ከወለሉ ካለው ከፍታ ሁለት ወይም ሁለት ተኩል እጥፍ ያህል ድረስ እንደሆነ ያሳያል። የመስኮቱ አናት 2.10 ሜትር ላይ ከሆነ ብርሃኑ ከአራት እስከ አምስት ሜትር ይዘልቃል ማለት ነው፤ ከዚያ ወዲያ የተቀመጠ ሰው መብራት በጠፋ ቁጥር ሥራው ይቆማል። ስለዚህ ጠበብ ብሎ የረዘመና በሁለት ጎን መስኮት ያለው ሕንፃ ከሰፊና ጥልቅ ሕንፃ ይመረጣል።

የሁለት ጎን መስኮት ጥቅሙ ለአየርም ጭምር ነው። በሰሜን ሩዋንዳ እ.ኤ.አ. በ2011 የተከፈተው የቡታሮ ሆስፒታል ይህን በጉልህ ያሳያል። ሕሙማን ተጨናንቀው የሚጠባበቁበት የውስጥ መተላለፊያ ለሳንባ ነቀርሳ መዛመቻ ስለሚሆን፣ ነዳፊዎቹ መተላለፊያውን ወደ ውጭ አውጥተው በረንዳ አደረጉት፤ በየክፍሉ ዝቅና ከፍ ያሉ መስኮቶችን አድርገው አየሩ በተፈጥሮ እንዲለዋወጥ፣ አልጋዎቹም ወደ መስኮት ዞረው ሕሙማኑ ኮረብታውን እንዲያዩ አደረጉ፤ ግድግዳውንም በአካባቢው ከሚገኘው የእሳተ ገሞራ ድንጋይ አቆሙት። የሩዋንዳው ኮረብታማ ደጋ ለጎጃም ስለሚቀርብ ምሳሌው ለጤና ጣቢያና ለሆስፒታል ሠሪዎች በቀጥታ ይጠቅማል።

የሥራ ቦታና የባለጉዳይ ክብር

በአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት መደበኛ የሥራ ሰዓት በቀን እስከ 8፣ በሳምንት እስከ 48 ሰዓት ይደርሳል፤ አዋጁ አሠሪው የሠራተኛውን ደኅንነትና ጤንነት የመጠበቅ ግዴታ እንዳለበትም ይደነግጋል። እንግዲህ ሰው ነቅቶ ከሚያሳልፈው ጊዜ ትልቅ ድርሻው የሚያልፈው በሥራ ቦታው ነው። ሆኖም በብዙ መሥሪያ ቤቶች አራት ወይም አምስት ጠረጴዛ በአንድ ክፍል ታጭቆ፣ የሚጽፈው፣ ስልክ የሚያነጋግረውና ባለጉዳይ የሚያስተናግደው ሠራተኛ በአንድነት ይቀመጣሉ። በዚህ ዓይነት ክፍል ውስጥ ማንም ሐሳቡን ሰብስቦ አይሠራም፤ ባለጉዳዩም ምሥጢሩን በሰው ፊት እንዲናገር ይገደዳል።

ለዚህ ችግር መፍትሔውን ከውጭ አገር መጻሕፍት ከመፈለግ በፊት የጎጃምን የቅኔ ጉባኤ ቤቶች መመልከት ይጠቅማል። ጎንጅና ዋሸራን በመሳሰሉት ስመ ጥር የቅኔ አድባራት የተማሪው የትምህርት ቦታ በሦስት ይከፈላል። የመጀመሪያው የሚያድርባት ትንሽ ጎጆ ናት፤ ሁለተኛው ቅኔውን ለመቁጠር፣ ማለትም በአእምሮው ለመድረስ፣ ብቻውን የሚገለልበት የዛፍ ጥላና የደን ዳር ነው፤ ሦስተኛው የደረሰውን በመምህሩና በጓደኞቹ ፊት የሚያቀርብበትና የሚታረምበት ጉባኤ ነው። ብቸኝነትና ማኅበር እያንዳንዳቸው የየራሳቸው ቦታ ስላላቸው አንዱ ሌላውን አያውክም። ዘመናዊው መሥሪያ ቤትም ጸጥታ ለሚሻ ሥራ ትንንሽ ክፍሎችን፣ ለምክክር የጋራ ክፍልን፣ ለባለጉዳይ ደግሞ ከሁለቱ የተለየ የመስተንግዶ ቦታን ቢመድብ የቅኔ ቤቱን ጥበብ በአዲስ መልክ ይጠቀምበታል።

ባለጉዳዩ ከጎዛምን፣ ከማቻክል ወይም ከአዋበል ገጠር ጎሕ ሳይቀድ ተነሥቶ የመጣ አዛውንት፣ ነፍሰ ጡር ወይም ልጅ ያዘለች እናት ሊሆን ይችላል። ለእነዚህ ሰዎች የመሥሪያ ቤቱ ደግነት የሚታወቀው ከመዝገቡ በፊት በረንዳው ላይ ነው፤ ከዝናብ የሚያስጠልል ክፈፍ፣ የጧት ፀሐይ የሚያገኝ መቀመጫ፣ የሚጠጣ ውሃ፣ ለሴትና ለወንድ የተለየ ንጹሕ መጸዳጃ ቤት አለ ወይስ የለም የሚለው ጥያቄ የክብር ጥያቄ ነው። የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624/2001 የሕዝብ መገልገያ ሕንፃዎች ተሽከርካሪ ወንበር ለሚጠቀሙና ደረጃ መውጣት ለማይችሉ ሰዎች የሚመች መግቢያና መጸዳጃ እንዲኖራቸው ደንግጓል። ለመግቢያው ተዳፋት የተለመደው መለኪያ ለእያንዳንዱ አንድ ሜትር ከፍታ 12 ሜትር ርዝመት ነው፤ 75 ሳንቲ ሜትር ከፍ ያለ ወለል 9 ሜትር ተዳፋት ያስፈልገዋል ማለት ነው። ይህ ቦታ አስቀድሞ ካልተያዘ በኋላ የሚለጠፈው ተዳፋት ቀጥ ያለና ለማንም የማይሆን ይሆናል። እንዲሁም የፌዴራል መንግሥት ሠራተኞች አዋጅ ቁጥር 1064/2010 መሥሪያ ቤቶች እናቶች ልጆቻቸውን የሚያጠቡበትና የሚያቆዩበት ስፍራ እንዲያዘጋጁ አዝዞ ነበር፤ ለዚህም የሚሆነው ፀሐይ የሚያገኝ የምድር ቤት ክፍል እንጂ ዕቃ ግምጃ ቤት የነበረ ጨለማ ክፍል አይደለም።

የጉርብትና ቦታ

የሰው ደስታ ከክፍሉ ውስጥ ብቻ አይገኝም። በገጠሩ የቤቱ ደጃፍ፣ የቤተ ክርስቲያኑ ዐጸድና ደጀ ሰላም፣ የገበያው ዳር ዛፍ ሰው ቀጠሮ ሳይዝ የሚገናኝባቸው ስፍራዎች ናቸው። በአዲስ አበባ የጋራ መኖሪያ ቤቶች ሲነደፉ ለእርድ፣ ለልብስ አጠባ፣ ለእንጀራ ጋገራና ለድግስ የሚያገለግሉ የጋራ ሕንፃዎች ከመኖሪያው አጠገብ የታቀዱት ፎቅ ላይ የሚኖር ቤተ ሰብም ሠርግና ሐዘን፣ ዕድርና ማኅበር እንዳለው ስለታወቀ ነው። በደጋ ከተሞችም የሚሠሩ ሕንፃዎች ግቢውን በሙሉ ለመኪና ማቆሚያ ከማንጠፍ ወደ ደቡብ የዞረ፣ ከነፋስ የተከለለ፣ ወይራና ዋንዛ የተተከለበት የመቀመጫ ስፍራ ቢተዉ፣ ሠራተኛው ምሳውን የሚበላበት፣ ጎረቤትም ቡና የሚጠጣበት ቦታ ያገኛል።

እርግጥ ነው፣ መልካም ሕንፃ ብቻውን መልካም ሕይወት አይሰጥም። ደመወዙ የማይበቃውን ሠራተኛ ወይም አለቃው የሚያዋርደውን ባለሙያ የደቡብ መስኮት አያስደስተውም። ሕንፃ ማድረግ የሚችለው ሰው ያለውን ጉልበት ከብርድ፣ ከጢስ፣ ከጨለማና ከጫጫታ ጋር በመታገል እንዳይጨርሰው ማገዝ ነው፤ ይህም ትንሽ ነገር አይደለም።

ስለዚህ የከተማ አስተዳደሮች የሕንፃ ፈቃድ ከመስጠታቸው፣ አሠሪዎችና ማኅበራትም ውል ከመፈረማቸው በፊት ነዳፊውን ጥቂት ጥያቄዎች መጠየቅ ይገባቸዋል። በታኅሣሥ ፀሐይ የሚገባው በየትኛው መስኮት ነው? ከቆርቆሮው ሥር ምን አለ? ጢሱና የቆየው አየር በየት ይወጣል? ከመስኮት እጅግ የራቀው ሠራተኛ መብራት ሲጠፋ ማንበብ ይችላል? ምርኩዝ የያዙ አዛውንት ያለ ረዳት ይገባሉ? ሰው ብቻውን የሚሆንበትና ከሰው ጋር የሚሆንበት ቦታ ተለይቶ ታስቧል? በ1999 ዓ.ም. ማስተማር የጀመረው የደብረ ማርቆስ ዩኒቨርሲቲም ተማሪዎቹን የሙቀት መለኪያ አስይዞ በጭቃ ቤት፣ በብሎኬት ቤትና በመስታወት ሕንፃ ውስጥ የክረምትና የበጋ ሙቀት እንዲመዘግቡ ቢያደርግ፣ የአካባቢው ገንቢዎች በልምድ የሚያውቁትን በቁጥር ያጸናላቸዋል። ጥያቄዎቹን ለመጠየቅ መሐንዲስ መሆን አያስፈልግም፤ ለመመለስ ግን ዕቅዱ ገና በወረቀት ላይ ሳለ መጠየቅ የግድ ነው።